የአንባብያን ጥያቄ፦ ስለ ያንግዜ ወንዝ ትንሹ አዞ

ባለፈው እትም ስለ ጣና ዳር ረግረጎች ለቀረበልኝ ጥያቄ መልስ ስሰጥ፣ በቻይና በያንግዜ ወንዝ የታችኛው ሸለቆ አሊጌተር የሚባል የአዞ ዘመድ እንደሚኖር፣ በዱር የቀረውም አንድ ሰሞን ከ150 በታች ሆኖ መቆጠሩን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ስለ ጣና የጻፍሁት አንድ ሙሉ ገጽ ሁለት ደብዳቤ ብቻ ሲያመጣልኝ፣ ያቺ ዐረፍተ ነገር ግን ጠረጴዛዬን ሞላችው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚህ እንስሳ ትቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረት በቁጥር የጠቀስሁበት ቦታ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወራቱን ግን በእኛው ስም እጠራቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ሁሉንም «አዞ» ብለን ነው የምንጠራው። አሊጌተርና አዞ በእርግጥ ይለያያሉ? አሊጌተር አሜሪካም ቻይናም አለ ይባላል፤ በመካከል ይህን ሁሉ ባሕር እንዴት ተሻገረው?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ አማርኛችን ለሁሉም አንድ ስም መስጠቱ አያስወቅሰውም፤ በወንዞቻችንና በሐይቆቻችን የምናውቀው የናይልን አዞ ስለሆነ ሌላ ስም የሚያስፈልግበት አጋጣሚ አልነበረም። ይሁን እንጂ አዞና አሊጌተር ከዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ የተለያዩ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። ለመለየት አፋቸውን ሲዘጉ ማየት ይበቃል። የአዞ አፍ ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል፤ የታችኛው መንጋጋው አራተኛ ጥርስም አፉ ተዘግቶ ሳለ ከውጭ ይታያል። የአሊጌተር አፍ ግን ሰፊና ጫፉ ክብ ሲሆን፣ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ያ ጥርስ ከላይ በተዘጋጀለት ጎድጓዳ ሥፍራ ገብቶ ይሰወራል።

የሁለተኛው ጥያቄህ ቁልፍ ጨው ነው። አዞ ከሰውነቱ የተረፈውን ጨው የሚያወጣበት ዕጢ ምላሱ ላይ አለው፤ በአሊጌተር ላይ ግን ይህ ዕጢ ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ አሊጌተር የወንዝ፣ የኩሬና የረግረግ እንስሳ ነው፤ ውቅያኖስ ዋኝቶ ተሻገረ ሊባል አይችልም። ዛሬ በምድር ላይ የቀሩት አሊጌተሮች ሁለት ዝርያ ብቻ ናቸው፤ አንዱ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ሌላው በምሥራቅ ቻይና ይኖራል። የጥንት ወላጆቻቸው የተሻገሩት፣ እስያና ሰሜን አሜሪካ ዛሬ ቤሪንግ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ላይ በደረቅ መሬት ተያይዘው በነበሩበት፣ በዚያ ያለው አየርም ከዛሬው እጅግ ሞቃት በነበረበት ዘመን እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ስላለፉ ሁለቱ ዘመዳሞች በመጠን እንኳ አይገናኙም። አሜሪካዊው አራት ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ሲሆን፣ ቻይናዊው አንድ ሜትር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም ወደ 40 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አንድ ደህና የፋሲካ ሙክት ቢያክል ነው። በአንድ ነገር ግን ትንሹ ይበልጣል፤ የላይኛው የዓይኑ ቆብ ሳይቀር በውስጡ አጥንት አለው፤ ይህ በአሜሪካዊው ላይ የለም።

ለሳይንስ ያስመዘገበው በ1879 ፎቬል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የአገሩ ገበሬ ግን ከዚያ በፊት ከጥንት ጀምሮ «ቱ ሎንግ»፣ የአፈር ዘንዶ፣ ሲለው ኖሯል። እኛ ዘንድ ዘንዶ ማለት በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦሩ የሚወጋው ነው፤ እነርሱ ዘንድ ግን ዝናብ የሚያመጣ፣ ሞገስ ያለው ፍጡር ነው። እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው እንስሳ ከዚያው አገር ሊጠፋ መድረሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከምታነበው መጽሐፍ ላይ «የቻይናው አሊጌተር ክረምቱን ሙሉ ይተኛል» የሚል አሳየችኝ። ውኃው ሲሞላ፣ ምግብ ሲተርፍ ምን ሊያደርግ ይተኛል?
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እመቤት፣ የያዙት የአዞውን ሳይሆን የተርጓሚውን ጥፋት ነው። የፈረንጁን የብርድ ወቅት «ክረምት» ብለን የመተርጎም ልማድ አለን፤ ጎንደር ላይ ክረምት ማለት ግን ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጉም ነው። ይህ እንስሳ የሚተኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መግቢያ፣ እኛ በጋ በምንለው ጊዜ ነው። በዚያ ወራት የያንግዜ ሸለቆ ውርጭና በረዶ ስለሚያገኘው፣ የገዛ ሰውነቱን ማሞቅ የማይችል እንስሳ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ መሞት ወይም መሬት ውስጥ መግባት።

መሬት ውስጥ መግባቱን ደግሞ የሚያህለው የለም። በእግሩና በራሱ እየገፋ በኩሬው ዳር ወደ ውስጥ የሚቆፍረው ዋሻ ከአሥር ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። በሩ ከውኃው ጠርዝ ላይ ወይም ከሥሩ ይሆናል፤ ከዚያ መንገዱ ይታጠፋል፣ ይከፈላል፣ ሰፋ ወዳለ መኝታ ይደርሳል፤ በውስጡም ውኃ የሚጠራቀምባት ጉድጓድ ትገኛለች። ወደ ላይ፣ በዛፍና በቀርከሃ ሥር መካከል፣ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ውጭው በረዶ ሲሆን የዋሻው ውስጥ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ይቆያል። እንስሳው በዚያ ተጋድሞ ወራቱን ሙሉ ምንም ሳይበላ፣ በመከር ባከማቸው ስብ ብቻ ይኖራል። በሚያዝያ ወደ በሩ እየተሳበ ይወጣና ፀሐይ ይሞቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

በሰኔ ይጮኻል። ጩኸቱ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ይጮኻሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ከየኩሬው ይቀበለዋል። በሐምሌ ሴቷ ሣርና ቅጠል ሰብስባ ትከምርና ከ10 እስከ 40 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥልበታለች። ክምሩ እየበሰበሰ ሲሄድ እንደ ፍግ ክምር ከውስጡ ስለሚሞቅ እንቁላሎቹን የሚፈለፍላቸው የእናታቸው ገላ ሳይሆን ይህ ሙቀት ነው። የጫጩቶቹን ጾታ የሚወስነውም እርሱ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለው ጎጆ ሴት ያወጣል፣ ሞቅ ያለው ወንድ ያወጣል። ወደ ሰባ ቀን ሲጠጋ፣ ልክ እኛ ዘመን በምንለውጥበት ሰሞን፣ ጫጩቶቹ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ይንጫጫሉ። እናቲቱ ድምፃቸውን ሰምታ ክምሩን ትከፍትላቸዋለች። ጫጩቱ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቁር ገላው ላይ ቢጫ ቀለበቶች አሉት። አንድ ወር እንደበላ ብርዱ ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም «ከ150 በታች» ብለዋል። እኔ ግን በቻይና ከ10,000 በላይ አሊጌተር እየተረባ መሆኑን ሰምቻለሁ። ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል። 10,000 የሆነ እንስሳስ እንዴት «ሊጠፋ የተቃረበ» ይባላል?
የግብርና ባለሙያ፣ ከቆላ ድባ

መልስ፦ ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ይህ ዓምድ ዛሬ ከደረሱት ጥያቄዎች ሁሉ የእርስዎ ይበልጣልና ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

የእኔ ቁጥር የዱሩ ነው። በ1999 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንሁይ በሚባለው ክፍለ ሀገር ከኩሬ ኩሬ እየዞሩ፣ ሌሊት ዓይናቸውን በባትሪ እያበሩ፣ ገበሬውን እየጠየቁ ቆጠሩ። በባትሪ ብርሃን የአሊጌተር ዓይን እንደ ፍም ስለሚያበራ ለቆጣሪ ይመቻል። ከ150 በታች መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን አሰፋፈራቸው ነበር። ብዙ ተገኘ በተባለበት ሥፍራ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቢገኝ ነው፤ በሌሎቹ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም አንድ ብቻውን የቀረ፣ የሚጣመረው የሌለው እንስሳ ነበር። በዚያ ዓይነት ኩሬ ያለ አሊጌተር በሕይወት ቢኖርም ከቁጥር የሚገባው ለመዝገብ ያህል ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ «በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ» ያለውም ገና ከ1996 ጀምሮ ነው።

የእርስዎ ቁጥር የማርቢያው ነው። በአንሁይ፣ ሹዋንቼንግ በምትባል ከተማ አቅራቢያ በ1979 አንድ የማርቢያ ማዕከል ተቋቋመ፤ ከዱር በተሰበሰቡ ሁለት መቶ ያህል እንስሳት ጀመረ። ጎረቤት በሆነው በዤጂያንግ ክፍለ ሀገርም ቻንግሺንግ ላይ ሌላ አለ። ሥራው ተሳክቷል፤ አሊጌተር ውኃ፣ ዓሣና የሚተኛበት ሙቀት ያለው ቤት ካገኘ ለመራባት አያስቸግርም። ትውልድ በትውልድ ላይ ተጨመረና ቁጥሩ እርስዎ የሰሙት ላይ ደረሰ። አደኑም በሕግ ተከልክሏል፤ ቻይና ከፍተኛ ጥበቃ ከምታደርግላቸው እንስሳት ተርታ አስገብታዋለች፤ በዓለም አቀፍ የእንስሳት ንግድ ስምምነትም ከዱር ተይዞ እንዳይሸጥ ታግዷል።

እንግዲህ አዳኝ ከታገደ፣ ጫጩት ከተረፈ፣ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው መሬት ነው፤ ይህን ደግሞ ከደምቢያ ሰው የተሻለ የሚረዳው የለም ብዬ አስባለሁ። የያንግዜ የታችኛው ሸለቆ ጥንት ወንዙ በየዓመቱ እየሞላ የሚተኛበት፣ ሸምበቆና ረግረግ የሞላበት ሜዳ ነበር፤ አሊጌተሩም የዚያ ሜዳ ልጅ ነው። ያ ሜዳ ግን ለሩዝ እጅግ የተመቸ ነው። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት፣ ባለፈው መቶ ዓመት ደግሞ በፍጥነት፣ ረግረጉ እየተጠነፈፈ፣ እየተገደበ፣ ማሳ እየሆነ ሄደ። አሊጌተሩ ወደ ኮረብታው ግርጌ፣ ገበሬው ለመስኖ ወደቆፈራቸው ትንንሽ ኩሬዎች ተገፋ፤ እነርሱ ደግሞ ከሜዳው ይልቅ የሚቀዘቅዙ፣ ምግብም የማይበዛባቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጠቡ ከሰው ጋር ሆነ። አንድ የአንሁይ ገበሬ ማታ ማሳውን ውኃ ሞልቶ፣ የአፈር ግድቡን ደልድሎ ይተኛል እንበል። ጠዋት ሲመጣ ውኃው የለም፤ ሩዙ በጭቃ ላይ ቆሟል። ግድቡን ሲዞር ከሥሩ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ያገኛል፤ ቀደም ብዬ ለአዘዞዋ እናት የገለጽሁት ዋሻ ማለት ነው። ለአሊጌተሩ ክረምትና በጋ ማሳለፊያ ቤት የሆነው ለገበሬው የወራት ልፋት የፈሰሰበት ቦይ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሁለት ዳክዬ ይጎድልበታል። ገበሬው ዶማውን አንስቶ ዋሻውን ቢከተል፣ እንስሳውን ቢገድል ወይም ጎትቶ ለሚገዛው ቢያስረክብ እኔ በበኩሌ አላወግዘውም፤ በእርሱ ቦታ ሆኜ ሌላ አደርግ እንደነበር ለመማል ያስቸግረኛል። በዚህ ላይ የእርሻ ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ተጨመረ፤ የተመረዘውን አይጥና ዓሣ አሊጌተሩ ይበላዋል።

እርስዎ የፎገራንና የደምቢያን ሜዳ ያውቃሉ። ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር ዋጋ ያለው አድርጎታል፤ ጎርፍ ያስቸግረው የነበረ ገበሬ ዛሬ ከዚያው ጎርፍ እህል ያወጣል፤ ይህን ክፉ ነው የሚል ሰው ርቦት የማያውቅ መሆን አለበት። ነገር ግን የሩዙ ማሳ ዘውድ ያለው ረዥም እግር ወፍ፣ የዓሣ ጫጩትና ደንገል ይኖሩበት የነበረውን ዳርቻ እየበላ መሄዱንም እርስዎ ከእኔ ቀድመው አይተዋል። የቻይናው ታሪክ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ከእኛ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድመው መጀመራቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ በማርቢያው ያሉት 10,000 ሲባል፣ ቤት የሌለው ሰፊ ቤተሰብ ነው። መልሶ ለመልቀቅ የተደረገው ጥረት አዝጋሚ የሆነውም በዚህ ነው። በ2003 በአንሁይ በጣት የሚቆጠሩ ተለቀቁ። በ2007 ደግሞ ስድስት እንስሳት በያንግዜ አፍ፣ ሻንግሃይ አጠገብ ባለችው ቾንግሚንግ ደሴት ረግረግ ላይ ተለቀዋል። ከ2019 ወዲህ ግን በአንሁይ በየዓመቱ የሚለቀቁት ከመቶ በላይ ሆነዋል፤ ከዚህ በፊት ማሳ የነበሩ አንዳንድ ሥፍራዎችም እንደገና ውኃ እንዲተኛባቸው ተደርጓል። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ ሁለተኛው ነው። የተለቀቀ አሊጌተር ማየት ለጋዜጣ ፎቶግራፍ ያምራል፤ አንድ ጋሻ መሬት ረግረግ ሆኖ እንዲቀር ከገበሬ ጋር ተስማምቶ ካሣ መክፈል ግን ፎቶግራፍ የለውም፤ የሚያዛልቀው ግን እርሱ ነው።

ስለ ዶሮም አንድ ነገር ልጨምር፤ በደብዳቤዎ ጥግ «ዶሮ ቢሆን በአንድ ዓመት ይሞላ ነበር» ብለው ጽፈዋልና። ዶሮ የሰው ቤት ስላላት ነው። ዶሮ ማደሪያዋን ራሷ ፈልጋ እንድታገኝ ብንተዋት ቁጥሯን አብረን እናይ ነበር።

ጥያቄ፦ አሊጌተሩ ቀንድ አውጣ ይበላል ይባላል። እውነት ከሆነ ለቢልሃርዝያ መከላከያ አይሆንም? እኛ ጣና ዳር በዚህ በሽታ ስንት ሕፃን እናክማለን።
ነርስ፣ በጣና ዳር ካለ ጤና ጣቢያ

መልስ፦ መብላቱስ ይበላል፤ ከሚወዳቸውም አንዱ ነው። የኋላ ጥርሶቹ እንደ ሌሎች አዞዎች የሾሉ ሳይሆኑ ደንደን ያሉና ጫፋቸው የዶለዶመ ነው። ቀንድ አውጣ ሲያገኝ በፊት ጥርሱ ያነሳታል፤ ራሱን ቀና አድርጎ አንድ ሁለቴ ወደ ኋላ ይወረውራታል፤ ከኋላ ጥርሶቹ መካከል ስትገባ አፉን ይገጥማል፤ ዛጎሏ ሲሰበር እንደ ደረቅ ባቄላ ይጮኻል። ከዚያ በተረፈ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ የውኃ ነፍሳትና የወንዝ ዛጎል ይበላል።

ነገር ግን እርስዎ ያሰቡት መድኃኒት በታሪክ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በያንግዜ ሸለቆም ቢልሃርዝያ ነበረ፤ የዝርያው ዓይነት ከእኛው ይለያል እንጂ መከራው አንድ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቻይና በሽታውን ለማጥፋት ታላቅ ዘመቻ ስታደርግ፣ ትሉን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በኬሚካል ፈጀች። በሽታ አስተላላፊዋ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ትንሽ ናት፤ ኬሚካሉ ግን ትልቁንና ትንሹን፣ የሚያስተላልፈውንና የማያስተላልፈውን አይለይም። አሊጌተሩ የሚበላቸው ትልልቆቹም አብረው ጠፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከበሽታ ሲድን አንድ እንስሳ ደግሞ ማዕዱ ተነሳበት። ጤና ባለሙያ ብሆን እኔም ያንኑ ዘመቻ እዘምት ነበር፤ ዋጋው ግን ከመዝገብ አይጠፋም።

ይህን ስጽፍ የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ትዝ ይሉኛል። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አይተው፣ ሳሙናችን የሆነው ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ፤ በ1989ም ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የእንዶድ ትልቁ ጥቅም በውኃ ውስጥ ቶሎ ፈርሶ መጥፋቱ ነው። ቢሆንም እርሱም ቢሆን ሲበዛ ዓሣ ይገድላል፤ በብርብራ ፍሬ ዓሣ ሲያሰክሩ ያየ የጣና ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። የሕፃናቱ ነገር ከሆነ አሊጌተር አይደርስላቸውም፤ የሚደርስላቸው እርስዎ የሚሰጡት ኪኒን፣ መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ ቻይናዎች በአዞ ቆዳ ከበሮ ይሠሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው?
የአቋቋም ተማሪ፣ ከበአታ

መልስ፦ እውነት ነው። ሻንሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ታኦሲ በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ፣ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተቀበሩ ታላላቅ ሰዎች መቃብር ሲቆፈር ከግንድ የተቦረቦሩ ከበሮዎች ተገኝተዋል። እንጨቱ በስብሶ ነበር፤ ከውስጣቸው ግን የአሊጌተር ቆዳ ላይ ያሉት ጠንካራ የአጥንት ቅርፊቶች ወጡ፤ አፋቸው በምን ተለብጦ እንደነበረ የታወቀውም በዚህ ነው። በጥንት የቻይና መጻሕፍትም የአሊጌተር ከበሮ ይጠቀሳል። በበአታ የምትመቱት ከበሮ የበሬ ቆዳ ነውና ብዙ የሚያኮራ ድምፅ አለው፤ የእነርሱ ግን በሰኔ ሌሊት ከሚጮኸው እንስሳ ከራሱ ቆዳ የተሠራ ነበር፤ ድምፁን ለመስማት ብችል ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ጎርጎራ ላይ አዞ አየሁ ብሎ ሁለት ቀን አላስተኛንም። ጣና ውስጥ አዞ አለ እንዴ?
አያት፣ ከጎንደር አራዳ

መልስ፦ ልጁ ውሸታም አይደለም፤ ያየው ግን አርጃኖ ነው። እኔም ተማሪዎች ይዤ ጎርጎራ በወረድሁ ጊዜ አጋጥሞኛል። ዓሣ አጥማጆች የዓሣውን ሆድ ዕቃ አውጥተው ከጣሉበት ድንጋይ ላይ አንድ አርጃኖ፣ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ምላሱን እያወጣና እያስገባ መጣ። ምላሱ እንደ እባብ ጫፉ ሁለት ነው። ተማሪዎቹ «አዞ!» ብለው ወደ መኪናው ሮጡ፤ አንዱም ዞር ብሎ ምላሱን አላየም። አዞም አሊጌተርም ምላሱን ከአፉ ማውጣት አይችልም፤ ምላሱ ከታችኛው መንጋጋ ጋር ተጣብቆ ያለ ነው። አርጃኖ አንገቱ ረጅም፣ ጅራቱ እንደ አለንጋ ቀጭን ነው፤ ዛፍም ይወጣል። በቅርብ ካልያዙትና ካላስጨነቁት ሰው አይነካም፤ ከነኩት ግን በጅራቱ መግረፍና መናከስ ያውቅበታል።

በጣና ውስጥ አዞ የለም። ጉማሬ አለ፣ አርጃኖ አለ፣ አዞ ግን የለም። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል፤ አዞ ከዚያ ወዲህ አይወጣም፤ ከፏፏቴው በታች፣ በቆላው ሸለቆ ውስጥ፣ ግን ሞልቶ ይገኛል። ልጁን የእውነት አዞ ሊያሳዩት ከፈለጉ አርባ ምንጭ ድረስ መውሰድ ይኖርብዎታል፤ በጫሞ ሐይቅ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ላይ አምስት ሜትር የሚጠጉ ተጋድመው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ጣና ውስጥ አዞ ከሌለ ለምን ከቻይና ትንሹን አምጥተን አንለቅም? ትንሽ ስለሆነ ሰው አይበላም፤ ቱሪስትም ይመጣል።
የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ያልኸው ልክ ነው፤ ሰው አይበላም። ሰው መጉዳቱ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን ጣና ዓለም የሌለው ሀብት አለው፤ ከዚያ ሐይቅ ውጭ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከአሥር በላይ አሉት፤ እነርሱም ከገባሮቹ ወንዞች አፍ ላይ በክረምት እንቁላላቸውን ሲጥሉ በቀላሉ ይያዛሉ። እንግዳ ዓሣ በላ ማስገባት ለእነርሱ መልካም አይሆንም። እንግዳ ሲገባ የሚሆነውን ደግሞ አባትህን ጠይቀው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የሚያምር ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተክል ነው፤ በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ከጎንደር በመኪና ተጭኖ ወርዶ ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ በእጁ የነቀለው ሰው ብዙ ነው፤ ምናልባት አባትህም ከእነርሱ አንዱ ይሆናል። አሊጌተር ደግሞ ከእምቦጭ በተለየ ሲነቅሉት ይነክሳል።